መልስ፦ ዳገት ላይ ስለመሮጥ

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ዙሪያ ይህን ያህል ሜዳ እያለ ሰው ለምን ዳገት መርጦ ራሱን ያሰቃያል? እኔንስ ግማሽ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለምንድን ነው?» ብለሃል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነው። ትቸኩላለህ። ከተማዋ ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ከሦስት አራተኛ በታች ነው። ሰዓትህን ተወውና ትንፋሽህን አድምጥ። እርምጃህን አሳጥር፣ ከወገብህ አትጉበጥ። አንድ ደቂቃ ሽቅብ ሮጠህ በእርምጃ ውረድ፤ ስድስት ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ቁልቁለቱን ደግሞ አትናቀው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅትህ በእርሱ ምክንያት ነው፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ ይጎዳል።

«ለምን» ላልከው ግን አሳማኝ መልስ የለኝም። እዚሁ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጫጫ የተወለደችው ሯጭ ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ1999 በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ እኔ ሜዳሊያ አልጠብቅም። አንድ ቀን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ የጭነት መኪኖች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ያልፉኛል። እንጨት የተሸከሙ እናት ደረሱብኝና «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። «ማንም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ! እርሳቸው ሸክማቸውን አስተካክለው ቀደሙኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ዳገት ላይ ነበርኩ።