8 ጊጋው ራም የት ገባ?

ጠያቂያችን 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) አለው የተባለ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተዋል። ሲኤምዲ (cmd፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ሲስተምኢንፎ» (systeminfo) ብለው ሲጽፉ ግን «ቶታል ፊዚካል ሜሞሪ» የሚለው መስመር 3,500 ሜጋባይት ገደማ አሳያቸው። ተታልዬ ይሆን? ይላሉ።

ሻጩ ላይ ከመደወልዎ በፊት፣ እዚያው ጥቂት መስመር ወደ ላይ ከፍ ይበሉና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን ያንብቡ። ኤክስ86 (x86) ካለ፣ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ምንም ያህል ራም ቢሰካ ከ4 ጊጋ አያልፍም፤ ዊንዶውሱ ሊደርስበት ከሚችለው 4 ጊጋ ላይም ግራፊክሱ (ምስል የሚያሳየው ክፍል) እና ሌሎች የማሽኑ ክፍሎች ድርሻቸውን ስለሚይዙ የሚተርፈው 3 ጊጋ ከምናምን ነው።

ለማረጋገጥ እዚያው ሲኤምዲ ላይ «ኤምኤስኢንፎ32» (msinfo32) ብለው ይጻፉ። በሚከፈተው መስኮት «ኢንስቶልድ ፊዚካል ሜሞሪ» የተሰካውን፣ «ቶታል ፊዚካል ሜሞሪ» ደግሞ ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን ይነግርዎታል። የመጀመሪያው 8፣ ሁለተኛው 3.4 ከሆነ ሻጩ አልዋሸም። የመጀመሪያው ራሱ 4 ካለ፣ ወይ ሁለተኛው ራም የለም፣ ወይ በደንብ አልገባም። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪውን አላቀው፣ ራሙን አውጥተው እስኪቆለፍ ድረስ መልሰው ይግፉት።

ሲስተም ታይፑ ኤክስ64 (x64)፣ ማለትም ዊንዶውሱ 64 ቢት ሆኖ፣ 8 ተሰክቶ 3.4 ብቻ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። «ኤምኤስኮንፊግ» (msconfig) ብለው ይክፈቱ፤ ቡት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ ምልክት ካለ ያንሱትና ማሽኑን እንደገና ያስነሱ። ከ8,192 ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ቢጎድል ግን አይጨነቁ፤ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ ከራሙ ይበደራል።

ሲስተምኢንፎ ባወጣው ዝርዝር ከስር «ቨርችዋል ሜሞሪ» የሚል ትልቅ ቁጥር ያያሉ። የሃርድ ዲስክ ቦታም ተደምሮበታልና ሻጭ ያንን መስመር ፎቶ አንስቶ ቢልክልዎት እንደ ራም አይቁጠሩት።

ችግሩ 32 ቢት መሆኑ ከሆነ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ይክፈቱ። «ኤክስ64 ፕሮሰሰር» የሚል ካለ 64 ቢት ዊንዶውስ ይቀበላል። በነበረው ላይ ማሻሻል ግን አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ስለዚህ ፋይሎችዎን አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ የዋይፋዩን 64 ቢት ድራይቨርም (ዊንዶውስ ዋይፋዩን እንዲያሠራ የሚያስችለውን ፕሮግራም) በፍላሽ ይያዙ፤ ያለዚያ ጭነው ሲጨርሱ ኢንተርኔት ላያገኙ ይችላሉ።