ከቤቱ ሰው በፊት ውሃውን ጠይቁ፦ ለወጣት የጤና ባለሙያዎች

በኅብረተሰብ ጤና ሙያ ለምትሰማሩ ልጆቻችን፤

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ታሪክ አጥብቃችሁ እንድታነቡ እመክራችኋለሁ። ሙያችን ብዙ የተማረውም፣ ክፉኛ የተሳሳተውም እዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቤቱን እዩ። በማንቸስተር፣ በሊድስና በበርሚንግሃም ለሠራተኛው ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ነበሩ። ሦስቱ ግድግዳ የጋራ በመሆኑ በርና መስኮት ያለው በፊት ለፊት ብቻ ነው፤ አየር የሚያልፍበት የለም። በሊቨርፑል ብዙ ሺህ ሰው የሚኖረው እርጥበት በሚሰርግበት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሽንት ቤቱ የግቢው የጋራ ጉድጓድ፣ ውሃው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሚከፈት ቦኖ የሚቀዳ ነው። እዚህ የምትኖርን እናት «ንጽሕና አትጠብቂም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው። በዘመኑ ግን ብዙ የተማረ ሰው ይህንኑ ይል ነበር።

የእንግሊዝ የኅብረተሰብ ጤና ለውጥ አራማጁ ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባወጣው ሪፖርት የማንቸስተር ሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ሲሆን፣ ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት በገጠሩ ራትላንድ 38 ነበር። አማካይ ቁጥር ስታዩ ተጠንቀቁ፤ ሰው ሁሉ በ17 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። ቁጥሩን ወደ ታች የጎተተው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚቀጠፉት ሕፃናት ብዛት ነው። እንግዲህ ሥራው ያለው እነሱ ጋ ነው።

ቻድዊክ ትልቅ ሰው ነበር፤ በሽታ የሚመጣው ከሽታ ነው ብሎ ማመኑ ግን ሕይወት አስከፍሏል። ሽታውን ለማራቅ ሲባል የለንደን የሽንት ቤት ጉድጓዶች ይዘት በፍሳሽ መስመር ተጠርጎ ቴምዝ ወንዝ ገባ፤ ሕዝቡ የሚጠጣውም ከዚያው ወንዝ ነበር። በ1848–49 ኮሌራ በለንደን 14,000 ያህል ሰው ገደለ። ቆሻሻን ከዓይን ማራቅ ብቻውን ጤና አይሆንም፤ የመስመሩን መጨረሻ ሳታዩ ፕሮጀክት አታጽድቁ።

ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ያሳየውን የለንደኑን ሐኪም የጆን ስኖውን አሠራር ደግሞ ደረጃ በደረጃ አጥኑት። በደቡብ ለንደን የሁለት የውሃ ኩባንያዎች ቧንቧ በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ያልፍ ነበር። ላምቤዝ የተባለው በ1852 ውሃ መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛወረ፤ «ሳውዝዋርክና ቮክሶል» የተባለው ሌላው ኩባንያ እዚያው ቆሻሻው ውስጥ ቀረ። በ1854 የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሳ ስኖው የሞት መዝገብ ይዞ በየቤቱ እየዞረ ውሃው የማን እንደሆነ ጠየቀ። የውሃውን ሂሳብ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አከራዩ በመሆኑ ተከራዩ አያውቅም። ስለዚህ ከቤቱ ውሃ ይቀዳና ጨው መኖሩን የሚያሳይ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ይጨምርበታል። የታችኛው ወንዝ ውሃ ወደ ወንዙ የሚገባው የባሕር ውሃ የሚያመጣው ጨው ስላለበት ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ የላምቤዝ ውሃ ግን ብዙም አይለወጥም። በመጨረሻ ሟቾቹን ለየኩባንያው ደንበኛ ቤቶች ብዛት አካፈለ፦ ከ10,000 ቤት በሳውዝዋርክና ቮክሶል 315፣ በላምቤዝ 37 ሞት። ያ ማካፈል ባይኖር ኖሮ የሟቾች ዝርዝር ብቻ ይዞ ይቀር ነበር። ዛሬም «ይህን ያህል ሰው ታመመ» ሲባል «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውሃ በፈረቃ መምጣቱ እኛም አገር ያለ ጉዳይ ነው። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፤ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ናሙና ስትወስዱ የመጀመሪያውን ውሃ አፍስሳችሁ አትጣሉ፤ ፈረቃው እንደተከፈተ የሚመጣውን፣ ቆየት ብሎ የሚመጣውንና በጀሪካን የተቀመጠውን ለየብቻ መርምሩ። የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ጉድጓድ ርቀትንም በሜትር ለኩ፤ በ1854 ኮሌራ በበረታበት በለንደኑ ብሮድ ስትሪት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የተደፋበት ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር።

የፍሳሽ ካርታ ሲሰጣችሁም ከመስመሩ ውጭ የቀረውን ሰፈር ፈልጉ። በ1866 ኮሌራ ለንደንን ዳግም ሲመታ የመሐንዲሱ የጆሴፍ ባዛልጄት አዲስ የፍሳሽ መስመር አብዛኛውን ከተማ አዳርሶ ነበር። ሞቱ የበረታው ሥራው ገና ባላለቀበት፣ ድሃው በሚበዛበት በምሥራቁ ክፍል ነው።