ባቡሩ ቅርብ ነው ቢባል በየት በኩል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ መሪ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ልገዛ አስቤ ነበር። ደላላው «ከቀላል ባቡሩ ፌርማታ 500 ሜትር ነው» እያለ ዋጋውን ሰቀለው። ቅርበቱ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣል? (ከአያት)

መልስ፦ ቅርበቱ እውነት ከሆነ ያወጣል። የደላላው 500 ሜትር ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ካርታ ላይ ግንብና አጥር ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር ነው። ከግቢው በር ሳይሆን ከአፓርታማው በር ተነስተው ባቡሩ እስከሚቆምበት ድረስ በእግርዎ ይሂዱና ሰዓት ይያዙ። ሰው በደልዳላ መንገድ በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ስለሚራመድ 500 ሜትር ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃዋል። 12 ደቂቃ ከፈጀብዎ የሚያዞርዎት ነገር አለ።

አንዳንዴ ግቢው አንድ በር ብቻ ኖሮት እሱም በተቃራኒው አቅጣጫ ይከፈታል። ካልሆነም ሐዲዱ የመንገዱን መሀል ይዞ በአጥር ስለተከለለ ማቋረጫው ራቅ ብሎ ይገኛል። በእግረኛ ድልድይ የሚሻገሩ ከሆነ ደረጃውንም ይቁጠሩ፤ 5 ሜትር ተኩል ከፍታ በ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ሲከፈል 37 ደረጃ ያህል መውጣት፣ ያንኑ ያህል መውረድ ነው። ሕፃን ላዘለች እናት ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ብቻውን ፌርማታውን ሩቅ ያደርገዋል።

አጥር በሌለበትም ቢሆን ካርታው ያታልላል። በፌርማታ ዙሪያ 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ቢሠሩ 201 ሄክታር ይይዛል፤ ቀጥ ባሉና በሚቋረጡ መንገዶች 800 ሜትር ተጉዞ የሚደረስበት ግን 128 ሄክታር ብቻ ነው። ሲሶው ያለ ግንብ ሄደ ማለት ነው። በከተማው ዳር ግቢዎቹ ሰፋፊ፣ መውጫዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ከዚህም ይብሳል።

ቀጥሎ ባቡሩን ራሱን ይፈትኑ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ፌርማታው ላይ ቆመው በሁለት ባቡሮች መካከል ያለውን ረጅሙን ክፍተት ይመዝግቡ፤ ሲመጣ መሳፈር ይቻል እንደሆነም ይዩ። መስመሩ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙ ባቡሮች ብዙ ስለነበሩ በወሬ የሰሙት ምልልስ አይበቃም። ክፍተቱ ከሩብ ሰዓት ካለፈ እርስዎም ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆምዎ አይቀርም፤ ለማይሳፈሩበት ባቡር ደግሞ ጭማሪ አይከፈልም። በእኛ አስተያየት ጭማሪው የሚገባው መንገዱ ከ10 ደቂቃ ካልበለጠና እዚያው አጠገብ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ተራ ካለ ነው።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ በፌርማታው በኩል ሁለተኛ በር ለመክፈት አስቧል። ግማሹ ነዋሪ ሌባ ይገባል ብሎ ይቃወማል። ምን ይሻላል? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ አጥሩ የጋራ ንብረት ስለሆነ ኮሚቴው ብቻውን አይወስንም። ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ፤ ግንቡን ከማፍረሳችሁ በፊትም ወረዳውን ፈቃድ ጠይቁ።

የበሩ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ዊልቸር ያልፋል፤ ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ስለሆነ አያልፍም። (ሞተር ሳይክል ግን ያልፋል፤ ለእሱ ጥበቃ ያስፈልጋል።) ከውጭ ያለው መሬት 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ደረጃ አትሥሩ፤ አንድ ለ12 በሆነ ተዳፋት 7 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው መወጣጫ ይበቃል። የጎርፍ ቦይ የምትሻገሩ ከሆነ ክዳኑ የሚነሳ ይሁን፤ በሲሚንቶ ከተደፈነ ሰኔ ላይ የሚጠርገው አያገኝም፣ ውኃውም በበሩ በኩል ወደ ግቢ ይገባል።

የሌባው ስጋት መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን መዝጋት አይደለም። በሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይከፈት፣ መብራት ይኑረው፤ ከተቻለም በምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱ በዚያ በኩል በር ያውጣ። ባለሱቅ የሚያየው መተላለፊያ በግንብ ከታጠረ ጭር ያለ መንገድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለቡ ባቡር ጣቢያ ስላለ ሰፈሩ እንደ መገናኛ ሰፈር የትራንስፖርትና የገበያ ማዕከል ይሆናል እየተባለ ቦታ ይሸጣል። እውነት ነው? (ከለቡ)

መልስ፦ የለቡው ጣቢያ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው፤ ከከተማው ቀላል ባቡር ጋር በሐዲድ አይገናኝም። ሰው ሻንጣ ይዞ ድሬዳዋ የሚሄድበት ጣቢያ ጠዋት ማታ ወደ ሥራ የሚመላለሱበትን ያህል ሱቅና ቤት አይስብም። ለቡ ላይ ዋጋ ስትተምኑ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደውን ታክሲና አውቶቡስ ሰልፍ እዩ እንጂ ሐዲዱን አትቁጠሩት።