ካንሰር ነው ተብሎ የወጣ ኩላሊት

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ሽንታቸው ደም እየቀላቀለ ስላስቸገራቸው ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድናቸው። በሲቲ ስካን ግራ ኩላሊታቸው ላይ ዕጢ ታየ፤ ሐኪሙም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ስላሉ በጥር 2017 ዓ.ም. ኩላሊቱ ወጣ። እናቴ እንዳይደነግጡ ብለን የካንሰሩን ነገር እንዳይነግሯቸው ሐኪሙን ለምነን ነበር፤ የስምምነቱን ወረቀት የፈረመውም አጎቴ ነው። በኋላ የመጣው የፓቶሎጂ (የወጣው ኩላሊት የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ግን ዕጢው ሄማንጂዮማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር ዕጢ መሆኑን ይገልጻል። ሆስፒታሉን መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ እናትዎ ከካንሰር ነጻ ሆነው በመገኘታቸው እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቁጭታችሁም ይገባኛል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሙያ ሰው ኃላፊ የሚሆነው የሙያውን ደንብ ሲተላለፍ መሆኑን ይደነግጋል። ስለሆነም ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ዕጢው በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደተገኘ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእጃቸው በነበረው መረጃ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገው እንደነበር ነው። በዚህ በኩል ጉዳያችሁ ቀላል አይደለም። የኩላሊት ሄማንጂዮማ እምብዛም የማያጋጥም ከመሆኑም በላይ በምስል ከካንሰር ለመለየት እጅግ ያስቸግራል፤ አናስቶሞሲንግ ሄማንጂዮማ የተባለው ዓይነት እንኳ በሕክምና ጽሑፍ ራሱን ችሎ የተገለጸው ገና እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታማሚዎች የዕጢያቸውን ምንነት ያወቁት ኩላሊታቸው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ከተመረመረ በኋላ ነው። ውጤቱ አንጂዮማዮሊፖማ የሚባለው፣ ስብ ያለበትና አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ሌላ የኩላሊት ዕጢ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ዕጢ ውስጥ ያለው ስብ አብዛኛውን ጊዜ በሲቲ ስካን ስለሚለይ፣ ክርክራችሁ የተሻለ መሠረት ይኖረው ነበር። ዕጢው ትንሽ ከነበረ ግን ኩላሊቱን በሙሉ ከማውጣት ይልቅ ዕጢውን ብቻ ማንሳት ይቻል እንደነበር በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር ይገባል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የፊርማው ነገር ነው። በቁጥር 20 መሠረት ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ቀዶ ሕክምናን እንቢ የማለት መብት አለው፤ ይህ መብት አእምሯቸው ጤነኛ የሆነና ለአካለ መጠን የደረሱ እናትዎ የራሳቸው እንጂ የአጎትዎ አይደለም። በጎጃም ክፉ ወሬ ለታማሚ ፊት ለፊት እንደማይነገር፣ ይህንንም የምናደርገው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ባህል ነው። ሆኖም የቤተሰብ ልመና ሐኪሙን ታማሚዋን ከማስረዳትና ፈቃዳቸውን ከራሳቸው ከመጠየቅ ግዴታ ነጻ ያደርጋል ብዬ አላምንም። ሆስፒታሉ «ቤተሰቡ ራሱ ለምኖን ነው» ብሎ እንደሚከራከር፣ እናትዎ ሁሉም ነገር ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ በርግጥ እንቢ ይሉ እንደነበርም ጥያቄ እንደሚነሣ ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

ኃላፊነቱ ከተረጋገጠ፣ በቁጥር 2651 መሠረት በሥሩ ለሚሠሩ ሐኪሞች ጥፋት ተጠያቂው ሆስፒታሉ ነው። ካሣውን የሚወስነው በአመዛኙ የደረሰው ቁሳዊ ጉዳት ስለሆነ የሕክምና፣ የመጓጓዣና የመድኃኒት ደረሰኞችን፣ እንዲሁም እናትዎ ያጡትን ገቢ የሚያስረዳ ማስረጃ አሰባስቡ። የሞራል ካሣን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ በ1952 ዓ.ም. የተወሰነው ይህ መጠን አንድ የአካል ክፍላቸውን ላጡ ሰው እጅግ አሳዛኝ ነው።

ከውል ውጭ በሚቀርብ ክስ የይርጋው ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ስለሆነ፣ ጥር 2019 ዓ.ም. ሳይደርስ ክሱን ማቅረብ አለባችሁ። ሕክምናው በውል የተሰጠ በመሆኑ የ10 ዓመቱ ይርጋ ይሠራል የሚል መከራከሪያ ቢኖርም፣ በእርሱ ተማምናችሁ እንድትዘገዩ አልመክርም። እስከዚያው የሕክምና ካርዱን፣ የሲቲ ስካኑን ምስልና ሪፖርት፣ የስምምነቱን ወረቀትና የፓቶሎጂውን ውጤት ቅጂ ሆስፒታሉን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የዕጢው ናሙና ተቀምጦ ከሆነም በሌላ ባለሙያ ዳግም እንዲታይ አመልክቱ። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁ ክሱን በደኃ ደንብ ማቅረብ ይቻላል።

ከሳሽዋ እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ ልጅ እንደመሆንዎ መከራከር የሚችሉት እሳቸው ውክልና ሲሰጡዎት ብቻ ነው። ውክልናውን ከመጠየቅዎ በፊት ኩላሊታቸው ለምን እንደወጣና ውጤቱ ምን እንደነበር አንድም ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው፤ ይከሰስ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።