«ያው ኮምፒውተር አይደለም እንዴ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት እንሞላለን። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ አይቲ (ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ) የሚባሉ አሉ። ሲኒየሮችን ስጠይቅ ሁሉም የራሱን ያወድሳል። አባቴ «ያው ኮምፒውተር አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ዱባይ ያለው አጎቴ ደግሞ «ሳይበር ካልሆነ እንዳትገቢ» ብሎኛል፤ የኮምፒውተር ደህንነትን ማለቱ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ላፕቶፕም የለኝም፤ ያለሱ ይቻላል? (ግራ የገባኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ በአባትሽ አትፍረጂ። እኔም መጀመሪያ ሥራ ስይዝ ለእናቴ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን የተበላሸበት ሁሉ እኔን ያስጠራል።

ትርጉም ከምደረድርልሽ አንድ ሌሊት ላውራሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ባንክ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ቀኑ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሰው ሁሉ ለዘመድ ብር ይልካል፣ የበግ ይከፍላል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «3,000 ብር አንዴ ላክሁ፣ ሁለቴ ተቆረጠብኝ!»

ስልኩን የሚያነሱት የሄልፕ ዴስክ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ አይቲ የጨረሱ። ሰው እየጮኸባቸው በትዕግሥት ያዳምጣሉ። አንዷ የእያንዳንዱን ደዋይ ሰዓት ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። «ሁሉም ከ9 ሰዓት በኋላ የላኩ ናቸው» አለችን። ፍለጋውን ያሳጠረልን ያ ደብተር ነው።

የሲስተሙን ደህንነት የሚጠብቀው የሴኩሪቲው ልጅ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስህተት ነው ወይስ ሌባ ገብቷል? ሲስተሙ የተደረገውን ሁሉ ከሚመዘግብበት ከሎጉ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል አመሸ። የኔትወርኩ ልጅ ጃኬቱን ደርቦ ሰርቨር ክፍል ገባ፤ እዚያ ብርዱ አይጣል ነው። ሲወጣ «መስመሩ አልተቋረጠም፣ ግን እየተንገዳገደ ነው» አለ። የሚላከው ይደርሳል፣ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ዲግሪያቸው አይቲ ነው። አይቲ እንግዲህ ይኼ ነው፤ ያለውን ሲስተም ቀንም ሌሊትም ማኖር።

እኔ ዳታቤዝ ላይ ነበርኩ፤ የሂሳቡና የዝውውሩ ሁሉ መዝገብ ያለበት ማለት ነው። ከአንድ ሂሳብ ወደ አንድ ሂሳብ፣ እኩል ብር፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የተላከውን ሁሉ አውጣ አልኩት። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ ወረደ፣ ወረደ። ሆዴ ባር ባር አለ።

ደንበኞች በስልካቸው ብር የሚልኩበትን አፕ የሠራችው ልጅ ዝርዝሩን አየችና «የኔ ኮድ ነው» አለች። ደንበኛው «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ብሩ ይሄዳል። «ተልኳል» የሚለው መልስ ግን አይመጣም። ያልሄደ ይመስለውና ደግሞ ይጫናል። ሲስተሙም አዲስ ትዕዛዝ ነው ብሎ ይቀበላል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ዝውውር ገና ሲጀመር አንድ የራሱ ቁጥር መስጠት ነው። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ሲስተሙ «ይህንን ጨርሻለሁ» ይላል እንጂ ደግሞ አይቆርጥም። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው። መፈተሹ፣ አሮጌው አፕ ስልካቸው ላይ ያለ ደንበኞችን አለማስቀረቱ፣ ሌላውን ሳያበላሹ መጫኑ ግን እስኪነጋ ፈጀ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ማለት ያ እስኪነጋ የፈጀው ነው። ስሙ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ጀርመን ጋርሚሽ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ያኔም ችግሩ ይኸው ነበር፦ ሶፍትዌር እየገዘፈ፣ እየዘገየ፣ እየተበላሸ አስቸገረ፤ እንደ ድልድይ በሥርዓት ይሠራ ተባለ።

እኛ በኮድ ስንጨቃጨቅ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። «ብሩ እንዴት ነው የሚመለሰው? ማን ያጸድቃል? ተቀባዩ አውጥቶ በግ ከገዛበትስ?» ኢንፎርሜሽን ሲስተም የጨረሰ ነው። «ኮድ ጠል» እያልን እንቀልድበት ነበር። በማግሥቱ ቅርንጫፎቹ የሠሩት እሱ በጻፈላቸው ቅደም ተከተል ነው። ቴክኖሎጂውንም፣ የሒሳብ ክፍሉንም፣ የሰዉንም ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። እዚህ አገር የተናቀ ዲፓርትመንት ነው፤ ያለ ሥራው የተናቀ።

ኮምፒውተር ሳይንስስ? የእሱን ጥያቄ ያገኘሁት ሌላ ጊዜ ነው። አንድ ሰው በአንዱ ቅርንጫፍ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሃይሉ»፣ በሦስተኛው «ሀይሉ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንድ ሰው መሆኑን እንዴት እንለይ? አንድ ሚሊዮን ስም ቢኖርሽና እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ላወዳድር ብትዪ 500 ቢሊዮን ገደማ ማወዳደር ነው። ሞክሼ ፊደሎቹን ወደ አንድ አምጥተሽ በፊደል ተራ ብትደረድሪያቸው ግን ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ዘዴ ደስ ካለሽ፣ ሒሳብም ካላስፈራሽ፣ ቤትሽ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው።

ሲኒየሮችሽን አትቀየሚያቸው፤ የሚደባለቀው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ኤሲኤምና አይትሪፕልኢ የተባሉት የሙያ ማኅበራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ቁጭ ብለው ለአምስት ከፍለውታል፦ ያንቺ አራቱና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ። በዚያው አቆጣጠር በ2020 ደግሞ ሳይበር ደህንነትንና ዳታ ሳይንስን አከሉ።

ለአጎትሽ እንዲህ በያቸው፦ ሳይበር ጥሩ ነው፣ ግን የማታውቂውን ቤት አትጠብቂም። ያ የሎጉ ልጅ ከዚያ በፊት ኬብል ሲዘረጋ ነው የኖረው። ኔትወርኩን፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ትንሽም ኮዱን ያዢ። ከአራቱ በየትኛውም በር ገብተሽ ሳይበር ትደርሻለሽ።

ስትሞዪ የምታስቢያቸው ሌሎች ነገሮች፦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፣ ሌሎቹ 4። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የምትፈተኚውም በገባሽበት ዲፓርትመንት ነው። የሥራ ማስታወቂያው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» ስለሚል በስሙ ብዙ አትጨነቂ። አፑን የሠራችው ልጅ ራሷ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ናት። እስከ ሳምንቱ በመንግሥት የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኮድ ሥልጠና፣ አሁንም ክፍት ከሆነ፣ ብትጀምሪው አይከፋም፤ ነጻ ነው። ሦስት ቀን ከኮድ ጋር ተፋጠሽ ከተናደድሽና ግን መተው ካቃተሽ፣ ያንን ልብ በዪ። እኔን ብትጠይቂኝ ሒሳብ ከወደድሽ ኮምፒውተር ሳይንስን፣ ካልወደድሽ ኢንፎርሜሽን ሲስተምን አስቀድሚ ነው የምልሽ።

ላፕቶፑን በተመለከተ፦ መጀመሪያው ዓመት በላብ ይገፋል። እኔ ኮዱን ደብተር ላይ እጽፍና የላብ ተራዬ ሲደርስ ሮጬ እተይብ ነበር። እጄ ስህተቱን ቀድሞ መለየት የለመደውም ያኔ ነው። በኋላ ግን ያስፈልግሻል። ዩዝድ ይበቃል፤ ራሙ (የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት) 8 ጊጋ ይሁን፣ ማከማቻው ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ይሁን። ስትገዢ ቻርጀሩን ነቅለሽ ግማሽ ሰዓት ክፈቺው። ሻጩ «ባትሪው አዲስ ነው» ቢልሽም ንቀዪው።