«ዌርባይ»ን «የት» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት

አንዲት እህታችን የኪራይ ውል ስትተረጉም «ዌርባይ» (whereby) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እየተደጋገመ እንዳስቸገራት ጽፋለች። «የት በኩል ልበለው?» ነው ጥያቄዋ። እህቴ፣ በዚህ ቃል የተቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ልንገርሽ።

ፒያሳ አንዲት ጠባብ ትርጉም ቤት ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። ውሉ የሚለው «ተከራዩ በየ3 ወሩ ቀድሞ የሚከፍልበት ስምምነት አለ» ነው። እኔ «ዌር»ን (where፣ «የት») ሳይ ቸኮልኩና «ተከራዩ በሚከፍልበት ቦታ ላይ ተስማምተዋል» ብዬ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠሁ። በማግስቱ ተከራዩ ሰውዬ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቦታው የት ነው? ባንክ ነው ወይስ አከራዬ ቤት ድረስ ልሂድ?» የምገባበት ጠፋኝ።

እዚህ ላይ «ዌር» የት ማለት አይደለም፤ «ምን» ወይም «የትኛው» ነው። «ባይ» ደግሞ የኛ «በ»። ድሮ «ዌርባይ» መጠየቂያም ነበር። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሉቃስ 1፥18 ላይ፣ ዘካርያስ መልአኩን «ዌርባይ» ብሎ ይጠይቃል። በኛው «ይህን በምን አውቃለሁ?» ነው። የሐዋርያት ሥራ 4፥12 ላይም ያው ቃል አለ፤ አማርኛው ግን «እንድንበት» ብሎ ግሡ ጭራ ላይ «በት»ን ቀጥሎ አረፈ። ስለዚህ ቃል አትፈልጊለት፤ ግሡን ያዢ። «ዕቃው የሚመለስበት አሠራር» ካልሽ አለቀ።

ጉዱ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺ ነው። የምጽፍበት ጠረጴዛ፣ የምጽፍበት ሰዓት፣ የምጽፍበት እስክሪብቶ፤ ለኛ ሁሉም «በት» ነው። ለጠረጴዛውና ለሰዓቱ «ዌርባይ» ስህተት ነው። ለእስክሪብቶው እንኳ ይከብዳል፤ በእጅ ለሚያዝ ነገር «ዊዝ ዊች» (with which) ይሻላል። «ዌርባይ» የሚወደው ውል፣ ሕግ፣ ሥርዓት፣ ዘዴ ነው። «የምሠራበት ቢሮ» ለማለት «ዌርባይ» የተጻፈበት ሲቪ ስንቱን አርሜያለሁ መሰለሽ!

ዘመዶቹ ቀላል ናቸው። «ዜርባይ» (thereby) ውጤት ያስከትላል፤ «በዚህም» በይው። «ሂርባይ» (hereby) ውክልና ላይ አይጠፋም፤ «በዚህ ሰነድ ወክያለሁ» እንደምንለው ነው።

ያስቸገረሽን አንቀጽ እዚሁ ለጥፊው፤ የሰዎቹን ስም ግን ሸፍኚ። እስከ ምሳ ሰዓት አለሁ።