ባዝራዬ ድናለች፤ ደሟ ግን «አልዳነችም» ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባዝራዬ ከጥቂት ወራት በፊት ክፉኛ ታማ ነበር። ትኩሳቷ 40 ዲግሪን አለፈ፤ ድዷ ገረጣ፣ ዓይኗ ወየበ፣ ሽንቷ ጠቆረ። ሐኪሙ «ከመዥገር የመጣ ነው» ብሎ ኢሚዶካርብ ወጋትና ዳነች። አሁን ልሸጣት ብዬ ደሟን ባስመረምር በሽታው አለባት አሉኝ። ተሸወድኩ ማለት ነው? የተረፈው መድኃኒት ቢደገምላትስ? አህያዬንም መዥገር ስለወረራት ለእሷም ልወጋላት አስቤአለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአህያዋ ልጀምር፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በፍጹም እንዳይወጓት! አህያ ኢሚዶካርብን እንደ ፈረስ አትችለውም። ተሸካሚ ፈረስን (ጤነኛ መስሎ ተሕዋሱን በደሙ የያዘውን) ለማጽዳት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን አህያን ሊገድል ይችላል። ፈረስም ቢሆን ሲወጋ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ መጠኑ ከበዛ ኩላሊቱና ጉበቱም ይጎዳሉ። ደግሞም መድኃኒቱ መዥገር አይገድልም። የተረፈውን ለሐኪሙ ይመልሱ።

ሐኪሙ አልሸወደዎትም። በሽታውን በዋናነት የሚያመጡት ሁለት ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው፤ ባቤሲያ ካባሊ እና ታይሌሪያ ኢኩዊ። ሁለቱም ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብተው ያፈነዱታል። የዓይኗ መወየብም የሽንቷ መጥቆርም ከዚያ የመጣ ነው። ባቤሲያ ካባሊ በመድኃኒት ሊጠፋ ይችላል። ታይሌሪያ ኢኩዊ ግን እልኸኛ ነው። ፈረሱ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጋልቦ እያለ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ደሙ ውስጥ ይቀመጣል።

ስለዚህ የተገኘው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። በምን እንደተመረመረም ይጠይቁ። አንቲቦዲ (ሰውነቷ ተሕዋሱን ለመከላከል የሠራውን) የሚፈልግ ምርመራ ከሆነ ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላም ለወራት «አለ» ሊል ይችላል። ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ግን የራሱን የተሕዋሱን ዘረመል ነው የሚፈልገው። በማይክሮስኮፕ ብቻ «ንጹሕ ናት» ቢሉዎት ግን አይመኑ፤ በተሸካሚ ፈረስ ደም ውስጥ ቁጥሩ በጣም ስለሚያንስ በቀላሉ ያመልጣል።

ለገዢው ይንገሩት። እዚህ ላይ አልደራደርም። አሜሪካን የመሳሰሉ አገሮች ተሸካሚ ፈረስ አናስገባም የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ እዚያ የነከሳት መዥገር ወደ ጤነኞቹ ታሻግረዋለች። ሊያስረግዟት ካሰቡም ሐኪሙን ያማክሩ። ታይሌሪያ ኢኩዊ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ሊያልፍ፣ ሊያስጨነግፋትም ይችላል።

ሰው መዥገርን ይፈራና መርፌን ይረሳል። እዚያው አሜሪካ ከፈቃድ ውጭ በሚካሄዱ ውድድሮች የሚሮጡ ፈረሶች ላይ በሽታው ደጋግሞ የተገኘው አንድ ስሪንጅ ለብዙ ፈረስ ስለሚዞር ነው። ለእያንዳንዱ ፈረስ አዲስ መርፌ ይጠቀሙ። «በአልኮል ጠርጌዋለሁ» አይሠራም።

የአህያዋን መዥገር በተመለከተ፣ ለአህያ የሚሆን የመዥገር መድኃኒት ሐኪሙ ይዘዝልዎት። እስከዚያው ጆሮዋን ከውስጥ፣ የጋማዋን ሥር፣ ብብቷንና ጭራዋ ሥር በየቀኑ ይዳብሱ። ያገኙትን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ። በጣት መጨፍለቅ የለም።